ቁጭ ብዬ ነበር

አዲስ አበባ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለየሻረግ ኪዳኑ፣
ዘንገና፣ እንጅባራ

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር። እንዴት እንደሰነበትሽማ ደምሽ ነግሮኛል። ሰላምታውን ለአባየ አድርሺልኝና ወደ ነገሬ ልግባ።

ጥር 24 ቀን ጠዋት ከሩጫ ቡድናችሁ ልጆች ሁሉ ሁለት ሁለት ብልቃጥ ደም አስቀድቻለሁ፤ አንዱ ሳትሮጡ፣ ሌላው ሮጣችሁ እንደቆማችሁ። ነገሩን ስንት ጊዜ አስረዳሁሽ? ሰው ሲሮጥ ነጭ የደም ሕዋሶቹ የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ወደ ደሙ ይለቃሉ። በትንሽ ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ድርብ ይሆናል። አረፍ ሲል ደግሞ ቶሎ ይጠራል፤ አንድ ሁለት ሰዓት ቁጭ ያለ ሰው ደሙ ምንም እንዳልሮጠ ነው። የእኔ የዶክትሬት ትምህርት በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። "ከዋዜማው ጀምራችሁ አትሩጡ፣ ፈረስ አትቀመጡ፣ ጠዋትም በእግራችሁ አትምጡ" ብዬ የለመንኋችሁ ለዚህ ነበር።

የሌሎቹ ልጆች የመጀመሪያ ብልቃጥ ጸጥ ያለ ነው። ያንቺ ግን ገና ሳትሮጪ የሮጠ ሰው ደም ነው። ከዚያ ሁሉ ልጅ አንቺ ብቻ! የገዛ እኅቴ! መምህሬ ወረቀቱን አይቶ "ይህችን ልጅ ታውቃታለህ?" አለኝ። አላውቃትም አልሁት።

ለአሠልጣኝ ይኸነው ጽፌለታለሁ፤ ትእዛዝ የማታከብር ሯጭ ለምንም አትሆንም ብዬዋለሁ። የግንቦቱ ውድድር ቢያመልጥሽ ከእግርሽ እንጂ ከእኔ እንዳታዪው።

ስልኩ እንደተዘጋ ስለሆነ ደብዳቤውን ለአውቶቡስ ሹፌሩ ለአዝመራው ሰጥቼዋለሁ። መልስ ካለሽ ለሱ ስጪው። ባይኖርሽም አልቀየምሽም።

ወንድምሽ አንዳርጋቸው


ዘንገና፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሸ አንዳርጋቸው፣

እኔስ እንደምን ሰነበትህ ልበልህ፤ ሰላምታ ከፍዬ አልገዛው። አባየ ደህና ነው። ከብቱ ደህና ነው። ቦራው ፈረስም ደህና ነው፣ ሌላ ሰው ጋልቦበት።

አልሮጥሁም። ደግመህ አንብበው፤ አልሮጥሁም! የጊዮርጊስ ዕለት እንጅባራ ሜዳ ላይ ያ ሁሉ የአገው ፈረሰኛ ሲያጌጥ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀርቼበት አላውቅም። አንተ "ፈረስ አትቀመጪ" ስላልህ ቦራውን ለጎረቤታችን ለሽባባው ሰጥቼ እኔ ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ ዋልሁ። ሰው ሁሉ "የኪዳኑን ልጅ ምን ነካት?" ሲል ነው የዋለው። በነጋታውም በእግሬ አልሄድሁም፤ ያው ሽባባው በባጃጁ አድርሶኛል። ከባጃጁ ወርጄ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ቁጭ አልሁ። ደም የምትቀዳዋ ልጅ ስሜን እስክትጠራ ድረስ ቁጭ ብዬ ነበር። ሽባባውን ጠይቀው። አግዳሚውን ጠይቀው!

ይኸነው ደብዳቤህን በቡድኑ ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። ቱታውን አውልቀሽ መልሺ አለኝ። ከሥሩ የለበስሁት የእማየን አሮጌ ጉርድ ነበር፣ ልጆቹ ሳቁብኝ። እማየ በሕይወት ብትኖር ጆሮህን ይዛ ከአዲስ አበባ ታመጣህ ነበር።

የግንቦቱን ሩጫ ባሸንፍ ክለብ ይወስደኛል፣ አንተም ታውቃለህ። ካልሮጥሁ ዕድሜ ልኬን እዚሁ የዲከረንስ ዛፍ እየቆረጥሁ ከሰል ሳከስል ልቀር ነው፤ ጭሱ ከአሁኑ ደረቴን ይዞ ያስለኛል። ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። መጥተህ በአባየና በይኸነው ፊት "የሻረግ ቁጭ ብላ ነበር" በል። እሱን ካልህልኝ ሌላው ቀርቶብኝ።

እኅትህ የሻረግ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሻረግ፣

ምስክርሽ ባለ ባጃጁ ነው? ጥሩ። እኔ ደግሞ ምስክሬ ደም ነው። ደም አያፍርም፣ ዘመድ የለውም፣ ጎረቤትም አይፈራም። በልጅነትሽ ግልገሏን ጥለሽ ጅብ በላት ብለሽ የማልሽው መሐላ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜም እንዲሁ "ጫካውን ጠይቁት" ነበር ያልሽው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደም ውስጥ የራሷ ብቻ ሳይሆን የፅንሱም ቁርጥራጭ ይንሳፈፋል። በአንድ ደብዳቤ ሽባባው ሽባባው ስትዪ ቆጠርሁ። ባለ ትዳር መሆኑን አልረሳሽም መሰለኝ።

ነገሩን ለአባየ በሌላ ወረቀት ጠቁሜዋለሁ። ማንበብ ስለማይችል በንስሐ አባታችን አስነብበው ብዬዋለሁ። ንጹሕ ከሆንሽ ምን ያስፈራሻል?

አንዳርጋቸው


ዘንገና፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አንዳርጋቸው ኪዳኑ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ሆድዎስ ደስ አለው?

ይደሰቱ እንጂ! አባየ እኔን ወደ ጤና ጣቢያ ይዞኝ ወረደ። መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊት ሄደ። ሴቱ ሁሉ በተሰለፈበት፣ አብራኝ የተማረችው ልጅ ካርድ በምታወጣበት ቦታ፣ በኩባያ ሽንቴን ይዤ በመካከላቸው አለፍሁ። ምንም የለም አሉ። የለም! አባየ ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። አፍሮ ይሁን ደስ ብሎት አላውቅም፤ ሲመለስም ያው ከፊት ከፊት ነው የሄደው።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ቆየን። የሽባባው ሚስት የተዋሰችኝን ወንፊት በልጅ እጅ መለሰችልኝ። ሽባባው ራሱ አሁን በደጃችን ማለፍ ትቶ በላይኛው መንገድ ይዞራል። እርስዎ አዲስ አበባ ተቀምጠው አንድ ወረቀት ጻፉ፤ እኔ እዚህ ውኃ ለመቅዳት እንኳ ሰው የሌለበትን ሰዓት እጠብቃለሁ።

ከእርስዎ የተነሣ እንቅልፍም የለኝም። ሌሊት በላብ ተነክሬ ነው የማድረው፣ አንሶላው ይጨመቃል። ቀሚሱ ሁሉ ሰፍቶኛል። አንገቴ ሥርም ባቄላ የሚያህል ነገር አብጦብኛል። ንዴት ነው አሉኝ ሴቶቹ፤ አልተሳሳቱም። እንዲህ አድርጎ የሚያከሳ ንዴት እግዜር ለእርስዎም ይስጥዎ።

አሁንም ይምጡና ቁጭ ብላ ነበር ይበሉ።

የማያውቋት የሻረግ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለየሻረግ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ምግብ ይስማማሻል? አባየስ? ቦራውስ? ጓሮሽ እንዴት ከረመ? ብርዱ አልጎዳሽም? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆትሽ ግን በጣም ጠንቶብኛል።

ባለፉት ደብዳቤዎቼ አነጋገሬ ሻካራ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ነውና አትያዢብኝ።

ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዲያው ለጥናቱ ነው። ላቡ በየሌሊቱ ነው ወይስ አንዳንዴ? ሰውነትሽን ያሳክክሻል? አንገትሽ ሥር ያለው ሲነኩት ያምማል? በጀርባሽ ስትተኚ ትንፋሽ ያጥርሻል? ሳሉስ ከጀመረሽ ቆየ? አንድም ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ሌላው፣ ወደ ቡድኑ ለመመለስ የደረት ፎቶ ያስፈልጋል ተብሏል። የሯጮች ሁሉ ደንብ ነው። አባየ ባሕር ዳር ይወስድሻል፤ ለሱ ለብቻው ጽፌለታለሁ። በእግር አትሂዱ፣ ከባድ ነገርም እንዳታነሺ እሺ?

የሚወድሽ ወንድምሽ አንዳርጋቸው


ዘንገና፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሸ አንዳርጋቸው፣

የዓይንህ ብርሃን ከመቼ ወዲህ እንደሆንሁ አልገባኝም። ደህና ነኝ። ለጥያቄህ መልስ፦ በየሌሊቱ፤ አዎ፤ አያምም፤ ትንሽ፤ ከገና ጀምሮ።

ባሕር ዳር ሄድን። ፎቶውን ያነሣው ሰውዬ አንዴ እኔን አንዴ የማሽኑን መስተዋት ሲያይ ቆየና ሐኪም ጠራ። ሐኪሙም አባየን ውጭ አስወጥቶ አነጋገረው። አባየ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ አቧራ ነው አለኝ። እዚያው ጥቁር አንበሳ ልሂድ አልሂድ የሚሉ ሰዎች መካከል ትቶኝ ወጣና የሩጫ ጫማ ገዝቶ መጣ። አባየ! በሕይወቱ ለእኔ ጫማ የገዛው እማየ ስትሞት ብቻ ነው።

እንደገባን ደግሞ ጉድ ስማ። በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ራሱ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ የማይቀምስ ሰው፣ ላሚቷን አልቦ በዋንጫ ወተት አቀረበልኝ። ጠጪ አለ። በሁዳዴ? አልሁት። ቄሱ ፈቅደዋል አለ። እንግዲህ በሁዳዴ ወተት የሚፈቀድለት ወይ የታመመ ነው ወይ ነፍሰ ጡር። እኔ ደግሞ አልታመምሁም፤ ንዴት ነው እንጂ በሽታ የለብኝም።

ስለዚህ እስካሁን አላመናችሁኝም ማለት ነው። የጤና ጣቢያው ኩባያ አልበቃችሁም። ሐኪሙ ለአባየ ምን አለው? አንተስ ምን ጽፈህለት ነው እንደ ዕቃ ጥጥ ውስጥ ያስቀመጠኝ? ለአንድ ጊዜ እንኳ በግልጽ ተናገር። ወተቱን ለውሻው ሰጥቼዋለሁ።

የሻረግ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሻረጌ፣

ወተቱን ጠጪ። ስለ እማየ አጥንት ብለሽ ጠጪ። ምንም ነገር የለም፤ ሯጭ መጠንከር አለበት፣ ያ ብቻ ነው።

በዚህ ሳምንት ፀጋነሽ የምትባል የዳንግላ ነርስ ቤት ድረስ መጥታ አንድ ብልቃጥ ደም ትቀዳልሻለች። ደሙን በአውሮፕላን ትልከዋለች። ወደ ቡድኑ ለመመለስሽ የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው። ይኸነውን ግን አትጠይቂው፤ በእኔና በበላዮቹ በኩል ያለቀ ጉዳይ ነው።

እንዳትሮጪ። ከቀኑ በፊት ጀምረሽ ቁጭ በይ፣ ውኃም አትቅጂ። ብትንቀሳቀሺ የራስሽ ቁርጥራጭ ደሙን ያጥለቀልቀውና የምንፈልገውን ጥቂቱን ነገር ማየት አንችልም። ሁለተኛ ለመቅዳት መንገዱም ጊዜውም አይኖረንም። እግርሽ ላይ ወድቄ ነው የምለምንሽ፤ ቁጭ በይ።

አንዳርጋቸው


ዘንገና፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአንዳርጋቸው፣

ይኸነውን አትጠይቂው ስትል ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። ቦታሽን ከአዲስ ቅዳም ከተማ ለመጣችው ልጅ ከሰጠሁ ቆየሁ፣ የደረት ፎቶ የሚባል ደንብም አላውቅም አለኝ። በበላይ በኩል አለቀ የሚባልም ነገር የለም። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ። ወይ ለዲግሪህ ደሜን ፈልገሃል፣ ወይ የፅንስ ቁርጥራጭ ፍለጋህን አልተውህም። "የምንፈልገው ጥቂቱ ነገር" አልህ። የማንን ልጅ ነው የምትፈልጉት፣ እናንተ?

ፀጋነሽ ትናንት መጣች። ደህና ሴት ናት፣ በነገሩ የለችበትም። አባየ ወንበር አቀረበላት፤ እኔ ወደ ጓሮ ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። አዲሱን ጫማ በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤው ነበር። ከጓሮው እስከ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ወጣሁ፤ አፋፉን ይዤ ሮጥሁ። እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ድሮ እየዘፈንሁ የምወጣው ዳገት ሳንባዬን ሊያወጣው ደረሰ። ሁለት ጊዜ በጉልበቴ ወደቅሁ፣ ሳሉ ደም ደም አለኝ፣ እየዳሁ ተነሥቼ እንደገና ሮጥሁ። አንተን እየሰደብሁ ነበር የምሮጠው።

ተመለስሁና ፊቴን በውኃ አበስሁ፤ ነጠላዬን ተከናንቤ ክንዴን ሰጠኋት። "ልብሽ ይመታል" አለችኝ። መርፌ እፈራለሁ አልኋት። አባየ "አይዞሽ ልጄ" ብሎ ራሴን ዳሰሰኝ።

እንግዲህ ቁጭ ብዬ ስሰጥህ ሮጣለች ብለሃል። አሁን ሮጬ ሰጥቼሃለሁና ቁጭ ብላለች ብለህ ጻፍ። የራሴ ቁርጥራጭ አጥለቅልቆታል፤ የምትፈልገውን ፈልገህ አግኘው! ያሳጣኸኝን ያህል ባላሳጣህም ትንሽ ቀምሰሃል።

ደብዳቤውን ለአዝመራው ሰጥቼዋለሁ። እንኳን ለሆሳዕና አደረሰህ።

የሻረግ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለየሻረግ፣

እልል በዪ! አባየም እልል ይበል! ጎረቤቱንም ጥሩ!

ካንቺ ደብዳቤ ካጣሁ ቆየሁ። አዝመራው መንገድ ተዘግቶበት እስከነአውቶቡሱ ቡሬ ቆሟል አሉኝ። ይህን ፀጋነሽ ለሥራ መጥታ በአውሮፕላን ስትመለስ ይዛልሽ ትመጣለች።

አሁን ሁሉንም ልነግርሽ እችላለሁ። ባሕር ዳር የተነሣሽው ፎቶ በሳንባሽና በሳንባሽ መካከል ጥላ አሳይቶ ነበር። ካንሰር ነው ብለው ፈሩ። ልብሽ አጠገብ ስለሆነ በመርፌ ቆንጥሮ ማየት ያሰጋል አሉ። ያለው መንገድ አንድ ነበር። እንዲህ ያለ በሽታ እሱም የራሱን ቁርጥራጭ ደም ውስጥ ይጥላል፤ ከተገኘ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታወቃል። ቶሎ ከተደረሰበት የሚድን ዓይነት ሊሆን ይችላል ብለውን ነበር። መምህሬ ደምሽን ውጭ አገር ላሉ ባልደረቦቹ ላከልኝ። የቡድኑም የፎቶውም ነገር ሰበብ ነበር። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም ብሎ አባየ አስምሎኛል፤ እኔም አልደፈርሁም። ሁለታችንም እንቅልፍ አጥተን ነው የከረምነው።

ትናንት መልሱ መጣ፦ ምንም አልተገኘም! ንጹሕ ነሽ! የባሕር ዳሩ ሐኪምም እንግዲያ ጥላው የሳንባ ነቀርሳ ይሆናል ብሏል። ክኒኑን ፀጋነሽ ይዛልሻለች፣ ሳታቋርጪ ዋጪ። ሌላው ምርመራ ሁሉ ቀርቷል፣ ክረምቱ ሲወጣ እንየው ተብሏል።

አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ያ በሽታ ከሌለብሽ እንግዲህ የጥር ወሩ ደምሽ እንዲያ የሆነው በሌላ ምክንያት አይደለም። ያን ቀን ሮጠሽ ነበር። ይሁን፣ ልጅነት ነው። ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ።

ደስታ ያሰከረው ወንድምሽ አንዳርጋቸው


ዘንገና፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሸ አንዳርጋቸው፣

እንደምን ሰነበትህ? አባየ ደህና ነው። ከደህናም በላይ ነው። ደብዳቤህን ቄሱ ያነበቡለት ዕለት በግ አርዶ ሰፈሩን ጠራ። ሽባባው ከነሚስቱ መጣ፤ ወንፊቱንም መልሳ ተዋሰችኝ። አባየ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያቅራራ፣ እኔ ሥጋው አልወርድ ብሎኝ ሳየው ነበር። ያን ያህል ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሚያዝያ 6 ቀን የጻፍሁልህ ደብዳቤ ቡሬ ቆሞ ከሆነ ያለበትን እዚህ ልድገምልህ። ፀጋነሽ የቀዳችው የሮጠ ሰው ደም ነው። እሷ ቤት ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ እኔ ሐይቁ አፋፍ ላይ ሮጬ ነው የመጣሁት። ለዲግሪህ መስሎኝ ነበር። ሆዴን የምታስፈትሹ መስሎኝ ነበር። እንድትዋረድ ብዬ ነው ያደረግሁት።

አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ፣ አንዳርጋቸው! የዓይኔ ብርሃን ከምትለኝ ታመሻል ብትለኝ፣ ከዚያ ወንበር ላይ በገመድ ጎትተህ አታነሣኝም ነበር።

ክኒኑን እውጣለሁ፤ ሽንቴን ከማቅላት በቀር የለወጠው ነገር የለም። የአንገቴ ባቄላ አሁን እንቁላል አክሏል። ጠዋት ጠዋት ፊቴ አብጦ ነው የምነሣው። ፀጋነሽም ክኒኑን ሰጥታኝ በዚያው ዕለት ሄዳለች፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ እንደገና ተዘግቷል፣ ባሕር ዳርም አይኬድም። ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያደርስልህ አላውቅም፤ ሽባባው የሚያልፍ ሰው ፈልጌ እልካለሁ ብሎኛል።

ለአባየ አልነገርሁትም። አንተ ንገረው፤ ወይም እንደለመዳችሁት ደብቁት። ስለ ጥር ወሩ ደም ግን ንገረው። ያን ቀን ቁጭ ብዬ ነበር፤ የሚጮኸው በሽታው ነበር። ለይኸነውም ጻፍለት፣ በቡድኑ ፊት ያንብበው።

አሁን ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል። ስለዚህ ምሰሶውን ተደግፌ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው፣ ቁጭ ብዬ ነው የምውለውም። ውኃ የሚቀዳልኝ አባየ ነው። ሽባባው አይቶኛል፣ ሚስቱም አይታኛለች፣ የፈለግኸውን ጠይቅ። ፀጋነሽን ብልቃጧን አስይዘህ ቶሎ ላካት። እስክትመጣ ቁጭ ብያለሁ።

እኅትህ የሻረግ